መጪዎቹ የሥዕልና የዕደ ጥበብ ዐውደ ርእዮቻችን፦ ስለ አቀራረቡ፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ሠሪዎቹ ስም እንወያይ

የጋለሪው አስተባባሪ (የክሩ ጀማሪ)

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፦

የማኅበረሰባችን ጋለሪ በመጪው ወቅት አራት ዐውደ ርእዮችን ለሕዝብ ለማቅረብ አቅዷል። የመጀመሪያው የሽመናና የጥልፍ ሥራዎች የሚታዩበት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሸክላ ላይ ያተኩራል። ሦስተኛው የወጣት ሠዓልያን የውሃ ቀለምና የኅትመት ሥራዎች የሚቀርቡበት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽን፣ የእንጨት ሥራንና የሣር ስፌትን በአንድ አዳራሽ የሚያገናኝ የጋራ ዐውደ ርእይ ይሆናል። እያንዳንዱ ዝግጅት ለአራት ሳምንታት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ለስምንት ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ወደ ዝግጅቱ ከመግባታችን በፊት በሦስት ጉዳዮች የእናንተን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ። በጋራው ዐውደ ርእይ ላይ የዕደ ጥበብ ሥራዎች ከሥዕሎች ጋር ተቀላቅለው ይቅረቡ ወይስ የየራሳቸው ክፍል ይኑራቸው? ለዝግጅቶቹ የሚመጡትን ሥራዎች ማን ይምረጥ? ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ በሚለጠፈው የመግለጫ ካርድ ላይስ ምን ይጻፍ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለብዙዎች ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። በብዙ የጋራ ዐውደ ርእዮች ላይ ከሥዕሉ አጠገብ የሠዓሊው ሙሉ ስም፣ የሥዕሉ ርእስና የተሠራበት ዓመት ተጽፎ ሲታይ፣ ከሸክላው አጠገብ ግን «ማሰሮ» ከሚል አንድ ቃል በቀር ምንም አይገኝም። በእኛ ጋለሪ ይህ እንዳይሆን ከልብ እሻለሁ፤ እንዴት እንደሚፈጸም ግን ከእናንተ ጋር መምከር ይኖርብኛል።

ሸማኔዋ

የተከበሩ አስተባባሪ፣ ሽመናና ጥልፍ ቀድመው መቅረባቸው አስደስቶኛል። ሆኖም አሰቃቀሉ ከወዲሁ ቢታሰብበት መልካም ነው። የተሸመነ ጨርቅ በሁለት ሚስማር ጥግና ጥጉ ተይዞ ከተሰቀለ ክብደቱ በሙሉ በሁለቱ ነጥቦች ላይ ያርፋል፤ አራት ሳምንት ሳይሞላም መካከሉ ይረግባል፣ ድሩና ማጉ ከመሥመራቸው ይወጣሉ፣ ጥጎቹም እስከ መቀደድ ይደርሳሉ። ጉዳቱ ዐውደ ርእዩ ተዘግቶ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ነው ፍንትው ብሎ የሚታየው።

የሚሻለው መንገድ ክብደቱን በጨርቁ ስፋት ሁሉ ማከፋፈል ነው። የቬልክሮውን (ሁለት ወገኖቹ እርስ በርስ የሚጣበቁ ማያያዣ) ለስላሳ ወገን በጠንካራ የጥጥ ጥብጣብ ላይ በማሽን ሰፍቶ፣ ጥብጣቡን በጨርቁ የላይኛው ጠርዝ ጀርባ ከዳር እስከ ዳር በእጅ መስፋት ያስፈልጋል። ሻካራው ወገን ግድግዳው ላይ በሚታሰር ጣውላ ላይ ይመታል። ጣውላው ባዶውን ጨርቁን እንዳይነካ መሸፈን ይኖርበታል፤ ከእንጨት የሚወጣው አሲድ ውሎ አድሮ ጨርቁን ቢጫ ያደርገዋልና። ሥራዎቹ ወደ ጋለሪው ሲመጡም ሆነ ሲመለሱ ታጥፈው ሳይሆን በጥቅል ካርቶን ላይ ተጠቅልለው ቢሆን እመርጣለሁ፤ የታጠፈ ጨርቅ የሚሰነጠቀው በእጥፋቱ ላይ ነው።

አንድ ልመና ልጨምር። ከጥልፍ ሥራዎቹ ቢያንስ አንዱ ጀርባው በሚታይበት መንገድ፣ ከግድግዳ ተነጥሎ በአዳራሹ መካከል ይሰቀል። ክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ተቋጨ፣ ጠላፊዋ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ክሩን እየሳበች ተሻግራ እንደሆነ ወይም በየአበባው ቆርጣ እንደገና ጀምራ እንደሆነ የሚታወቀው በጀርባው ነው። ይህን ያየ ጎብኚ ከፊት ለፊት ያለውን ሥራ በሌላ ዓይን ይመለከተዋል።

የዘይት ቀለም ሠዓሊው

ከብዙዎቻችሁ የተለየ ሐሳብ ስላለኝ በግልጽ ላስቀምጠው። በጋራው ዐውደ ርእይ ላይ ሥዕልና ዕደ ጥበብ መቀላቀላቸውን አልደግፍም። ይህን የምለው ዕደ ጥበብን አሳንሼ በማየት እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ እጠይቃለሁ።

ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ርቀት ነው። ሁለት ሜትር ስፋት ያለውን ሥዕል ሙሉ ለሙሉ ለማየት ተመልካቹ ሦስትና አራት ሜትር ወደ ኋላ ማፈግፈግ አለበት፤ የስፌትን አሰፋፍ ለማየት ግን ስንዝር ያህል መቅረብ ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቦታ ስናሰባስብ ለስፌቱ የተዘጋጀው ማስቀመጫ ከሥዕሉ ፊት ይቆማል፤ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው ጎብኚም ከማስቀመጫው ጋር ይጋጫል። በዚህ የሚጎዱት ሁለቱም ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው ምክንያቴ ብርሃን ነው። ለጨርቅ ተብሎ ብርሃኑ ከደበዘዘ በሥዕሎቼ ውስጥ ያሉት ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ቀለሞች አንድ ይሆናሉ፤ የጥላው ዝርዝርም ይጠፋል። ለሥዕል ተብሎ ከደመቀ ደግሞ የእህታችን ሸማኔ ሥራ ይነጣል። ስለዚህ የየራሳቸው ክፍል ቢኖራቸው ለሁለቱም ክብር ነው እላለሁ።

በቅርስ ጥበቃ ሥራ ላይ የቆየሁ

ሠዓሊው ያነሡት የብርሃን ጉዳይ ተገቢ ነው፤ በቁጥር ብናየው ግን ከተፈራው ይልቅ የሚቻል ሆኖ እናገኘዋለን።

በሙዚየሞች በተለመደው አሠራር ጨርቅ፣ የውሃ ቀለምና በወረቀት ላይ የተሠሩ ኅትመቶች ከ50 ሉክስ (ሉክስ በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) በማይበልጥ ብርሃን ይታያሉ፤ ለዘይት ቀለም ሥዕል ደግሞ እስከ 200 ሉክስ ይፈቀዳል። ከመጠኑ እኩል ሊታሰብ የሚገባው ግን የቆይታ ጊዜው ነው፤ ብርሃን የሚያደርሰው ጉዳት እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። አስተባባሪው በገለጹት መሠረት አንድ ዝግጅት በ24 ቀናት ውስጥ 192 ሰዓት ክፍት ይሆናል። ይህ በ50 ሉክስ ሲባዛ 9,600 ሉክስ-ሰዓት ይመጣል፤ በ200 ሉክስ ከሆነ ግን 38,400 ይደርሳል። ለብርሃን እጅግ ስስ ለሆኑ ማቅለሚያዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው የዓመት ጣሪያ 15,000 ሉክስ-ሰዓት ነው። ስለዚህ በቀላሉ በሚለቅ ማቅለሚያ የተነከረ ጨርቅ አንዱን ዝግጅት በደህና ይወጣል፤ በመጀመሪያው ዐውደ ርእይ ታይቶ እንደገና በጋራው ላይ ከቀረበ ግን በተገቢው 50 ሉክስ እንኳ ቢሆን ድምሩ 19,200 ሆኖ ጣሪያውን ያልፋል። ሸማኔዎቻችን ለጋራው ዝግጅት ሌላ ሥራ እንዲያመጡ ከወዲሁ ቢነገራቸው መልካም ነው።

ኤልኢዲ አምፖሎች አልትራቫዮሌት ጨረር እጅግም ስለማያወጡ ይመረጣሉ። ይህ ማለት ግን ቀለም አያነጡም ማለት አይደለም፤ የሚታየው ብርሃን ራሱ ያነጣል። ከሁሉም የሚያሰጋኝ መስኮት ነው። በቀን ብርሃን ከመስኮት አጠገብ ያለ ግድግዳ በሺህ የሚቆጠር ሉክስ ሊያገኝ ይችላልና፣ በመጀመሪያውና በውሃ ቀለሙ ዝግጅት ጊዜ መስኮቶቹ በወፍራም መጋረጃ መሸፈን አለባቸው።

አሁን ወደ መቀላቀሉ ልመለስ። በእሳት የተተኮሰ ሸክላ በብርሃን አይጎዳም፤ ድንጋይና አብዛኛው ብረትም እንዲሁ። እነዚህ ከዘይት ቀለም ሥዕሎች ጋር በደማቁ ብርሃን ውስጥ ያለ ሥጋት አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። ስፌት፣ በተለይም የተቀለመ ሣር ያለበት፣ ከጨርቅ ጋር በደብዛዛው ወገን ይሁን። እንግዲህ አዳራሹ የሚከፈለው እንደ ብርሃኑ ይሆናል ማለት ነው፤ ሥዕልና ዕደ ጥበብም በሁለቱም ወገን አብረው ይገኛሉ። ከደማቁ ወደ ደብዛዛው ሲታለፍ ዓይን ለመልመድ ጥቂት ደቂቃ ስለሚፈልግ፣ በመካከል መካከለኛ ብርሃን ያለው መተላለፊያ ቢኖር ጎብኚው 50 ሉክሱን ጨለማ ነው ብሎ አያማርርም።

በዚሁ አንጻር የዝግጅቶቹ ቅደም ተከተልም እንደገና ይታይ እላለሁ። ከሽመናው ቀጥሎ የውሃ ቀለሙ ቢቀርብ የመብራቱ አሰካክና መጋረጃው ሳይነካ ይቀጥላል፤ ከዚያ ሸክላው፣ በመጨረሻም የጋራው ይሆናል።

የጥበብ ታሪክ መምህሩ

በመግለጫ ካርዱ ላይ የሠሪው ስም መጻፉ አዲስ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 በለንደን የአርትስ ኤንድ ክራፍትስ ኤግዚቢሽን ማኅበር ሲመሠረት፣ መሥራቾቹን ካሰባሰቧቸው ቅሬታዎች አንዱ የጊዜው ታላላቅ ዐውደ ርእዮች ለዘይት ቀለም ሥዕልና ለሐውልት እንጂ ለጌጥና ለመገልገያ ሥራዎች ቦታ አለመስጠታቸው ነበር። በዋልተር ክሬን ፕሬዚዳንትነት የሚመራው ይህ ማኅበር በ1888 የመጀመሪያውን ዐውደ ርእይ ሲከፍት፣ በካታሎጉ ላይ የነዳፊው ስም ብቻ ሳይሆን ሥራውን በእጁ የፈጸመው ሰው ስምም እንዲሰፍር አደረገ። በአንድ ምንጣፍ ላይ ንድፉን ያወጣው አንድ ሰው፣ የሸመነው ሌላ ሰው መሆኑ ለሕዝብ በግልጽ ተነገረ።

ሌላም ላንሣ። አኒ አልበርስ እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን ወደ ባውሃውስ የጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ በዚያ ሴቶች በአብዛኛው ወደ ሽመና ክፍል ይመሩ ነበር። እርሳቸውም ሽመናን መጀመሪያ ሳይፈልጉት ገቡበት፤ ኋላ ግን የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ። በ1949 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለሥራዎቻቸው ብቻ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። ሙዚየሙ ለአንድ የሽመና ባለሙያ ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ሽመና በትልቅ ሙዚየም ውስጥ በሠሪው ስም ለመቅረብ ይህን ያህል ዘመን ከወሰደበት፣ እኛ በትንሿ ጋለሪያችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረን ብናደርገው የሚከለክለን የለም።

የሸክላ ሥራ ወዳጅ

መምህራችን ያሉትን አከብራለሁ፤ ሆኖም በተቃራኒው የቆመ ትልቅ አስተሳሰብ መኖሩን ማስታወስ እፈልጋለሁ። ጃፓናዊው አሳቢ ያናጊ ሶኤትሱ ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሠሯቸውን ዕቃዎች ውበት አጥብቀው ያደንቁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1936 በቶኪዮ የተከፈተው የጃፓን የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየምም የእርሳቸው ጥረት ፍሬ ነው። በእርሳቸው አመለካከት ሠሪው ስሙን ሳያስብ፣ ብዙ ደጋግሞ በመሥራት ካገኘው ልምድ የሚወጣው ዕቃ የራሱ የሆነ ንጹሕ ውበት አለው። ጎብኚው ካርዱን ቀድሞ ካነበበ ማሰሮውን ማየት ትቶ ዝናን ማየት ይጀምራል ብዬ እሠጋለሁ።

ሸክላ ሠሪዋ

ያናጊ ያደነቁት ውበት መኖሩን በየዕለቱ ጭቃ የምዳስስ እኔም እመሰክራለሁ። ነገር ግን ስምን በፈቃድ መተውና ስምን መነፈግ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የያናጊ ወዳጅ የነበሩት ሸክላ ሠሪው ሃማዳ ሾጂ በብዙዎቹ ሥራዎቻቸው ላይ ማኅተም አያሳርፉም ነበር፤ ያንን የመረጡት ግን ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 የጃፓን መንግሥት ሕያው ቅርስ ብሎ ሲያከብራቸውም በስማቸው ጠርቶ ነው። ስሙ የታወቀ ሰው አለመፈረም ይችላል። ስሟ ተጠይቆ የማያውቅ ሸክላ ሠሪ ግን የምትተወው ነገር የላትም።

ስለዚህ ሥጋትዎን የሚያቃልል መንገድ ልጠቁም። ካርዱ ከዕቃው ሥር ሳይሆን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ጎብኚው ዕቃውን ካየ በኋላ በሚያገኘው ቦታ ይለጠፍ። በካርዱም ላይ ከስም በተጨማሪ አሠራሩ ይነገር፦ ጭቃው ከምን ጋር እንደ ተደባለቀ፣ በእጅ ተገንብቶ እንደሆነ ወይም በሸክላ መዘውር ላይ ተስቦ፣ በሜዳ እሳት ተተኩሶ እንደሆነ ወይም በምድጃ፣ ምን ለማድረግ እንደ ተሠራ። በሜዳ የተተኮሰ ማሰሮ ጎኑ ላይ ጥቁር ጥላ ይኖረዋል፤ ማገዶው ዕቃውን በነካበት ወይም ጭሱ በታፈነበት ቦታ የሚቀር ምልክት ነው። ብዙ ሰው ቆሽሾ ይመስለዋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጻፍለት ጎብኚው የእሳቱን አቅጣጫ ከማሰሮው ላይ ማንበብ ይችላል።

ስለ ደኅንነቱም ጥቂት ልበል። መቀመጫው ክብ የሆነ ዕቃ ያለ ቀለበት እንዳይቀመጥ፤ አፉ ሰፊ ከሆነ ከውስጥ በኩል ትንሽ የአሸዋ ከረጢት ይግባበት፤ ማስቀመጫው ራሱም ሰው በክርኑ ቢገፋው የማይነቃነቅ ከባድ ይሁን። ሸክላ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በመተላለፊያ ጥግ ላይ ነው።

ዘወትር ጎብኚ

በአንድ ነገር ላይ ብቻ ሐሳብ ልስጥ፤ እርሱም መንካት ነው። የዕደ ጥበብ ሥራ ግማሹ የሚታወቀው በእጅ ነው፤ ዓይናቸው ለማያይ ጎብኚዎች ደግሞ ሁሉም። «አትንኩ» የሚለው ማስታወቂያ እነርሱን ከዐውደ ርእዩ ያስወጣቸዋል። የእጅ ላብና ቅባት ጨርቅንና ብረትን እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የቀረቡትን ሥራዎች እንንካ አልልም። ይልቁንስ ሠሪዎቹ ለመነካት ብቻ የሚሆን ናሙና ቢያዘጋጁስ? ያልተፈተለ ጥጥ፣ የተፈተለ ክርና ከዚያው ክር የተሸመነ ቁራጭ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፤ ደረቅ ጭቃ፣ የተተኮሰ ሸክላና የተወለወለ ሸክላ በሌላው። በግድግዳው ላይ ያሉት ካርዶችም በትልልቅ ፊደል ቢታተሙና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው በሚነበብ ከፍታ ላይ ቢለጠፉ እጅግ ጥሩ ነው።

ወጣቷ የኅትመት ሠዓሊ

ስለ ምርጫው ጉዳይ ማንም ስላልተናገረ እኔ ልጀምር። ያለ ዳኛ ሁሉም ይቅረብ የሚል ሐሳብ በእኔ ዕድሜ ባሉት ዘንድ ተወዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 በኒው ዮርክ የነጻ ሠዓልያን ማኅበር ይህንኑ ሞክሮ ነበር፤ ክፍያውን የከፈለ ሁሉ ያለ ዳኛና ያለ ሽልማት ሥራውን እንዲያቀርብ ፈቅዶ፣ ከ2,000 በላይ ሥራዎችን በሠሪዎቹ ስም የፊደል ተራ ሰቀለ። ሁሉም ይቀርባል ተብሎ ሳለ ግን ሠዓሊው ማርሴል ዱሻም በሐሰት ስም የላኩት የሽንት ቤት ዕቃ ለሕዝብ እንዳይታይ ተደረገ። ምርጫ የለም ተብሎ በታወጀበት ቤት እንኳ አንድ ሰው መምረጡ አልቀረም፤ ልዩነቱ መራጩም መስፈርቱም አለመታወቃቸው ነው።

ስለዚህ መራጮቹ ይታወቁ፤ መስፈርቱም አስቀድሞ ይጻፍ። ከመራጮቹ መካከል ቢያንስ አንዱ በዚያው ማቴሪያል የሚሠራ ሰው ይሁን። ሸክላን በጭራሽ ዳስሶ የማያውቅ ሰው የሸክላን ክብደትና ውፍረት ሊፈርድ አይችልም። ሥራው ላልተመረጠለትም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽለት፤ «አልተመረጠም» የሚል አንድ መሥመር ብቻ የደረሰው ወጣት ምን ማሻሻል እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የዘይት ቀለም ሠዓሊው

በቅርስ ጥበቃ ላይ የቆዩት ባለሙያ የሰጡትን ማብራሪያ በጥሞና አንብቤዋለሁ። አዳራሹ እንደ ብርሃኑ የሚከፈል ከሆነ የብርሃን ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ። የርቀቱ ጉዳይ ግን አሁንም ያሳስበኛል። ትልልቅ ሥዕሎች ባሉበት ግድግዳ ፊት ቢያንስ አራት ሜትር ያህል ባዶ ወለል ይተውልን፤ ሸክላዎቹም በሥዕሎቹ መካከል ባለው ግድግዳ ተጠግተው ይቁሙ። የሥዕሎቹ መሐል ነጥብ ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚውል፣ የማስቀመጫዎቹ ከፍታ ከእነርሱ ጋር ተመዛዝኖ ቢወሰን ጥሩ ነው። ይህ ከተሟላ አንዱ የሸክላ ሥራ ከእኔ ሥዕል አጠገብ እንዲቆም ራሴ እጠይቃለሁ፤ የምድር ቀለሞችን የምቀባው ከዚያው ከአፈር በሚገኝ ማቅለሚያ ነውና ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ይነጋገራሉ።

የጋለሪው አስተባባሪ (የክሩ ጀማሪ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከኮሚቴው ጋር ተመካክረን የሚከተለውን ወስነናል።

ቅደም ተከተሉ በተሰጠው ምክር መሠረት ሽመናና ጥልፍ፣ የውሃ ቀለምና ኅትመት፣ ሸክላ፣ በመጨረሻም የጋራው ዐውደ ርእይ ሆኗል። በጋራው ዝግጅት ላይ ሥዕልና ዕደ ጥበብ ተቀላቅለው ይቀርባሉ፤ አዳራሹ በብርሃን ይከፈላል፤ በትልልቅ ሥዕሎች ፊት የተጠየቀው ባዶ ወለል ይተዋል። በመጀመሪያው ዐውደ ርእይ የቀረበ ጨርቅ በጋራው ላይ ደግሞ አይቀርብም። መራጮቹ ለየዝግጅቱ ሦስት ሆነው አንዱ የዚያው ማቴሪያል ባለሙያ ይሆናል፤ ምክንያታቸውንም በጽሑፍ ይሰጣሉ። የመነካት ጠረጴዛው በአራቱም ዝግጅቶች ይኖራል፤ ናሙና ማዘጋጀት የምትችሉ እባካችሁ አሳውቁን።

ከሽያጭ ስለሚገኘው ገቢ ለጠየቃችሁ በግል መልእክት፦ በንግድ ጋለሪዎች ድርሻቸው እስከ ግማሽ መድረሱ የተለመደ ነው። የእኛ ከዚያ በብዙ ያነሰ ሲሆን ለሥዕልም ለዕደ ጥበብም አንድ ዓይነት ነው።

በካርዱ ላይ የሠሪው ሙሉ ስም፣ ማቴሪያሉ፣ አሠራሩና አገልግሎቱ ይጻፋሉ። ስሙ እንዳይጻፍ የሚፈልግ ሠሪ ካለ ፈቃዱ ይከበርለታል፤ ፈቃዱን ግን ራሱ በፊርማው ይገልጽልናል። ሥራዎቹን ስንረከብ የእያንዳንዱ ሁኔታ ከባለቤቱ ጋር አብረን እየተመለከትን በቅጽ ላይ ይሞላል፦ በሥራው ላይ የሚገኝ ስንጥቅ፣ የላላ ክር፣ የተላጠ ቀለም ሁሉ በፎቶግራፍ ተደግፎ ይመዘገባል፤ ሲመለስም በዚያው ቅጽ ይመሳከራል።

ሸማኔዋ

ውሳኔው እጅግ አስደስቶኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ለመጀመሪያው ዝግጅት የማመጣውን ትልቁን ሥራ የሸመንሁት እኔ ብሆንም ክሩን የፈተሉት እናቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጥለቱን የነደፈችው ደግሞ እህቴ ናት። በካርዱ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

የጋለሪው አስተባባሪ (የክሩ ጀማሪ)

የአምስታችሁም ይጻፋል፤ ከየስሙ አጠገብም የሠራው ሥራ። ካርዱን በዚያው ልክ ሰፋ አድርገን እናሳትመዋለን። የእናትዎንና የጎረቤቶችዎን ስም እነርሱ ራሳቸው በሚጽፉበት አጻጻፍ፣ ፊደሉ ሳይለወጥ ይላኩልን።